የገዛ ቀለሟ

በ2005 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ መቱ ከተማ ከመናኸሪያው ወደ ጎሬ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው የዱሬቲ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሰባት ዓይነት የፊት ፓውደር ነበር። ሰባቱም ከአዲስ አበባ የመጡ፣ ሰባቱም ክዳናቸው ላይ የፈረንጅ ሴት ፊት የታተመባቸው ነበሩ። ዱሬቲ አንድ ማለዳ ሱቁን ለደንበኛ ሳትከፍት ሰባቱንም በግራ እጇ ጀርባ ላይ በተርታ ቀባችና ደጅ ወጥታ በፀሐይ አየቻቸው። አንዱም የእጇን ቀለም አልመሰለም። ከዚያ በርጩማ አውጥታ ተቀመጠችና አላፊ አግዳሚውን መቁጠር ጀመረች። እስከ ሦስት ሰዓት ድረስ አንድ መቶ አርባ ሰው አለፈ። ከመደርደሪያዋ ፓውደር የሚስማማው ለሦስቱ ብቻ ነበር፤ ከሦስቱም ሁለቱ ለመንገድ ሥራ የመጡ ቻይናውያን ነበሩ።

ልማዱ ግን የታወቀ ነበር። በመቱም፣ በጎሬም፣ በሁሩሙም ሙሽራ ትቀላለች። ጠይም ትሁን ጥቁር፣ በሠርጓ ዕለት ፊቷ ዱቄት የተነፋበት መስሎ ነጥቶ ይወጣል፤ አንገቷና ክንዷ እንደ ተፈጠሩ ይቀራሉ። ፎቶ ቤቱ ደግሞ በኮምፒውተር ሌላ ንጣት ይጨምርበታል። ዓመታት አልፈው ልጆች ሲወለዱ ግድግዳ ላይ ያለውን ፎቶ እያዩ "ይቺ ሴትዮ ማናት?" ብለው እናታቸውን ይጠይቃሉ።

ዱሬቲ ከዚያ ማለዳ በኋላ መቀላቀል ጀመረች። ለዓይን ቆብ የሚሸጠውን ቡናማና ቀይ ቀለም እየፈጨች፣ በሻይ ማንኪያ እየለካች፣ ከፓውደሩ ጋር እያዋሐደች በደብተር ጻፈች። አማርኛው ቀይ፣ ቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጥቁር ይላል፤ ለእሷ አራት ቃል አልበቃትም። በስድስት ወር ውስጥ አሥራ አንድ ቀለም አገኘች። ለእያንዳንዱ ቁጥር ሰጠችው፤ ከቁጥሩም አጠገብ ዓይኗ የሚያውቀውን ነገር ጻፈች። ቁጥር ሦስት የሁሩሙ ማር፣ ቁጥር ሰባት የደረቀ የቡና ገለባ፣ ቁጥር ዘጠኝ ዝናብ የመታው የሶር ወንዝ ድንጋይ።

አንድ ሕግም አወጣች፤ ፊት የምትሠራው በጠዋት፣ ወደ ምሥራቅ በሚያይ መስኮት ብርሃን ብቻ ነው። "አምፖል ይዋሻል" ትላለች። ደንበኞቿ ይስቁባት ነበር።

አንድ ሰው ግን አልሳቀም።

* * *

ጌድዮን የመጣው ለሜካፕ አልነበረም። መቱ ውስጥ የባዮሎጂ መምህር ነው፤ የትምህርት ቤቱ የድራማ ክበብ ለወላጆች ቀን ቲያትር ሲያዘጋጅ አንድ የአሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ የሰማንያ ዓመት ሽማግሌ መምሰል ነበረበት። ዱሬቲ ልጁን ወንበር ላይ አስቀምጣ ግንባሩን እንዲያኮሳትር አዘዘችው፤ በተጨማደደበት መስመር ላይ ብቻ ቀጭን ጥላ ጣለች።

"ለምን ሌላ ቦታ አልጨመርሽም?" አለ ጌድዮን።

"የሚያረጀው በራሱ መስመር ነዋ። ሌላ ቦታ ብጨምርበት የሌላ ሰው አባት ነው የሚሆነው።"

ጌድዮን ጣቶቿን አየ። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ደብተሯን እንድታሳየው ለመናት። ገጽ በገጽ፣ እንደ ፈተና ወረቀት ሳይቸኩል አነበበው። በሁለተኛው ሳምንት ከጠንካራ ካርቶን የተቆረጠ፣ አሥራ አንድ ቀለም በእኩል ስፋት የተቀባበት መለኪያ ሠርቶ አመጣላት። ከጠርዙ ላይ በጥንቃቄ አሥራ አንድ ቀዳዳ በስቶበታል።

"ቀዳዳው ምን ያደርጋል?"

"ጉንጯ ላይ ታስጠጊዋለሽ። በቀዳዳው የሚታየው ቆዳ ከዳሩ ቀለም ካልተለየ፣ ቁጥሩ እሱ ነው።" ከዚያ ካርቶኑን አንስቶ እየፈራ ወደ ጉንጯ አስጠጋው። "ስምንት" አለ ቀስ ብሎ። "አንቺ ስምንት ነሽ።"

ስለ ቀለሟ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ብሏታል፤ ጥቁሪት ብለዋታል፣ ጠይም ብለዋታል፣ ክሬም ብትቀቢ ቆንጆ ነበርሽ ብለዋታል። እንደ እሱ ልክ የሆነውን ብቻ ነግሯት ድምፁ የራደ ሰው ግን አልነበረም። ያን ቀን ሱቋን ዘግታ ወደ ቤቷ ስትሄድ "ስምንት፣ ስምንት" እያለች መንገዱን ጨረሰችው።

ከዚያ ወዲህ ደብዳቤዎቹ መጡ። ጌድዮን ስልክ እያለው ይጽፋል፤ አጣጥፎ የቀጠሮ ደብተሯ ውስጥ ጥሎላት ይሄዳል። ስምንት ወር ሙሉ እንዲህ ሆነ።

እንቅፋቱ ጎሬ ነበር። የጌድዮን እናት እትዬ ፈትለወርቅ ጎሬ ኮረብታው ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ዝቅ ብሎ ባለው ባለ ቆርቆሮ ትልቅ ቤት ይኖራሉ። አባታቸው በጎሬ የአውራጃው መዝገብ ቤት ሹም ነበሩ፤ ቤተሰቡ ከሰሜን መጥቶ በሹመት የተቀመጠ ነው፣ ይህንንም አይረሳም። የዱሬቲ እናት ኢብሴ ደግሞ ሁሩሙ ገበያ ላይ ኩልና እንሶስላ ትሸጣለች። የኢብሴ እናት ነቃሽ ነበረች፤ እሾህ በክር አስራ፣ ጥቀርሻና የቅጠል ጭማቂ በቀንድ ይዛ፣ ከጎሬ እስከ ሁሩሙ በየቤቱ እየዞረች የልጃገረድ አንገትና ድድ ትነቅስ የነበረች ሴት። በዘመኗ ሁሉም ይፈልጋታል፤ ማንም ግን ማዕድ አያቀርባትም ነበር።

ጌድዮን ይህን ሁሉ ሳይደብቅ ለእናቱ ነገረ። "የነቃሿ የልጅ ልጅ" የሚለው ላይ ሲደርስ፣ እትዬ ፈትለወርቅ የአንገት ሻርፓቸውን ጠበቅ አድርገው ከክፍሉ ወጡ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ያሉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የእህትህ ሠርግ ይለፍ።"

በጥር 2006 መጀመሪያ ዱሬቲ የቀጠሮ ደብተሯን ስትከፍት ይህን አገኘች።

"ዱሬቲዬ፣ እህቴ የምስራች እሑድ ጥር 18 ትዳራለች። ከአንቺ በቀር ማንም ፊቴን አይነካም ብላለች። ለእናቴ ስለ እኛ ነግሬያታለሁ፤ ሠርጉ ይለፍ ብላኛለች። ስትመጪ በዋናው በር አትምጪ፤ በጓሮው በር ግቢ። እዚያ ሁሉን አዘጋጅቼ እጠብቅሻለሁ። ያንቺው ጌድዮን።"

"በጓሮው በር" የሚለውን አራት ጊዜ አነበበችው። በአራተኛው ፊደሎቹ ተንቀሳቀሱባት።

ቅዳሜ ሁሩሙ ሄዳ ለእናቷ ነገረቻት። ኢብሴ ኩል እየፈጨች ነበር፤ በአውራ ጣቷ ሥር ያለችው ትንሽ የጨረቃ ቅርፅ ጠባሳ ከጥቁሩ ዱቄት መካከል ነጥታ ትታያለች።

"ሃርሜ፣ በጓሮ በር ነው የጠራኝ። እንደ ሠራተኛ።"

"ሠራተኛ አይደለሽም እንዴ?" አለች ኢብሴ ቀና ሳትል።

"ነኝ፤ ግን—"

"ልጅቷ ፊቴን ያላንቺ ማንም አይነካም ካለች፣ ሄደሽ ፊቷን ሥሪ። አያትሽ፣ አኮ፣ አንድም ቀን በዋናው በር ገብታ አታውቅም። ግን የሠራችው ሥራ በዋናው በር ነበር የሚወጣው፤ በልጃገረዶቹ አንገት ላይ፣ ሰው ሁሉ እያየው።" ከዚያ ዓይኗን አነሳች። "ስለ ልጁ ግን፣ ከሰው ፊት የማይጠራሽ ከሆነ ልብሽን ይዘሽ ተመለሺ። አልቅሰሽ እንዳትመለሺ ብቻ።"

ዱሬቲ ያን ዕለት አራት መስመር ጻፈች። "ጌድዮን፣ የእህትህን ፊት የምችለውን ያህል አሳምሬ ሠርቻለሁ። እኔን ግን ከሰው ደብቆ የሚያስገባኝን ሰው አላገባም። ደብዳቤዎችህን እመልስልሃለሁ። ከእንግዲህ ሱቄ አትምጣ።" አጥፋ ከብሩሾቿ ጋር ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ዕቅዷ የተቆረጠ ነበር፤ ሥራዋን ትጨርሳለች፣ በሰው ፊት ካልጠራት ወረቀቱን ትሰጠዋለች፣ በመጀመሪያው ሚኒባስ ወደ መቱ ትመለሳለች። ስትጽፍ እጇ ታዘዘላት። ልቧ ግን እንደ እጇ አልሆነላትም።

* * *

በሠርጉ ዕለት ጎሬ ስትደርስ ገና አንድ ሰዓት አልሞላም ነበር፤ ጉሙ ከኮረብታው ላይ መነሳት ጀምሯል። የጓሮው በር ክፍት ነው። ጌድዮን በሩ ላይ ቆሟል፤ ሱፉን ገና አልለበሰም።

"አካም ቡልቴ?" አላት፤ በእሷ ቋንቋ ሰላም ሲላት ሁልጊዜ ትንሽ ያፍራል።

"ናጋ" አለች፣ ፊቱን ሳታየው። "ሙሽራዋ የት ናት?"

"ዱሬቲ፣ ምን ሆነሻል?"

"ለሥራ ነው የመጣሁት። ሙሽራዋ የት ናት?"

እሱ ከዚህ በላይ አልጠየቀም፤ ወደ አንድ ትንሽ ክፍል መራትና ወደ ወንዶቹ ተመለሰ። ዱሬቲ ገብታ ቦርሳዋን ልታስቀምጥ ስትል ቆም አለች።

ክፍሉ ባዶ ነው፤ አንድ ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ብቻ። ግድግዳው አራቱም በኩል በኖራ ነጭ ሆኗል፤ ገና ይሸታል። መስኮቱ መጋረጃ የለውም፣ መስታወቱ ተወልውሎ የሌለ ይመስላል። በመስኮቱም ውስጥ፣ ከጉሙ በላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት ትወጣለች።

የምስራች ጸጉሯን ተሠርታ፣ በፎጣ ተጠቅልላ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። "ወንድሜ አብዷል" አለች እየሳቀች። "ይሄ ክፍል እኮ የእህል ማስቀመጫ ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ እህሉን ሲያወጣ፣ ኖራ ሲቀባ ከረመ። ግድግዳው ሰማያዊ ነበር፤ 'ሰማያዊው ፊትሽ ላይ ያርፍና ቀለሙን ያዛባባታል' ይላል። ትልቁ ቤት ውስጥ ሁሉም መስኮት ወደ ምዕራብ ነው የሚያየው። እኔ ሳሎን ነው የምዋበው ስለው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? 'አምፖል ይዋሻል።'"

ዱሬቲ እጇን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ኖራው መዳፏ ላይ ነጭ ዱቄት ትቶ ቀረ። በሩ ላይ ሲቆም የጌድዮን ጥፍሮች ዙሪያቸው ነጭ እንደ ነበር አሁን ትዝ አላት። "በጓሮው በር ግቢ" ያላት ወደዚህ መስኮት ነበር።

ያም ሆኖ ደብዳቤውን ከቦርሳዋ አላወጣችውም። ኖራ መቀባት አንድ ነገር ነው፤ በዘመድ ፊት መቆም ሌላ ነው።

* * *

ካርቶኑን ከየምስራች ጉንጭ ላይ ሳታነሳ በሩ ተከፈተና እትዬ ፈትለወርቅ ገቡ። ቀጥ ያሉ፣ ረጅም ሴት ናቸው። ፊታቸው ላይ ሳስቶ የተነዛ ነጭ ፓውደር አለ፤ አንገታቸው እስከ አገጫቸው ድረስ በሐር ሻርፕ ተጠቅልሏል። ዱሬቲ ብድግ ብላ ጎንበስ አለች።

"እንደምን አደሩ እትዬ።"

"እግዚአብሔር ይመስገን" አሉ ወደ ካርቶኑ እያዩ። "ምንድን ነው ይሄ? ልጄን ልብስ ልትሰፊላት ነው?"

"ቀለሟን እየለካሁ ነው። ሰባት ናት።"

"ልጄ ቁጥር የላትም፤ ስም ነው ያላት።" ከነጠላቸው ውስጥ አንድ አዲስ ጣሳ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። "ከአዲስ አበባ ያስመጣሁት ነው። በዚህ አቅይልኝ። የሙሽራው ወገኖች ቀያይ ናቸው፤ ዛሬ ከጎናቸው ቆማ ጎረቤት እንዲያወራ አልፈልግም።"

"እማዬ!" አለች የምስራች።

"አንቺ ዝም በይ። ሙሽራ አይናገርም።"

ዱሬቲ ጣሳውን ከፈተች። ከሰባቱ ሁሉ ይነጣል። ምላሷ ላይ የመጣውን ዋጠችና እንደ ልማዷ መጀመሪያ አሰበች።

"እትዬ፣ አልከለክልዎትም" አለች። "ልጅዎ ናት፣ ሠርጉም የእርስዎ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይፍቀዱልኝ። የፊቷን ግማሽ በእርስዎ ፓውደር እሠራለሁ፤ ግማሹን በእኔ ቁጥር ሰባት። ከዚያ እርስዎ በመስኮቱ ብርሃን አይተው ይምረጡ። የመረጡትን ሳልከራከር እጨርሳለሁ።"

እትዬ ፈትለወርቅ ለአፍታ አዩዋት። "ትኮሪያለሽ አንቺ ልጅ።"

"በሥራዬ አዎ፣ እትዬ።"

"ሥሪ እስቲ።"

ዱሬቲ ከግንባሯ መካከል ጀምራ፣ በአፍንጫዋ ላይ አድርጋ፣ እስከ አገጯ ድረስ መስመር ያዘች። ለግራው የእናቲቱን፣ ለቀኙ የራሷን። ለሁለቱም እኩል ስፖንጅ፣ እኩል ጊዜ ሰጠች፤ ማንም አደላች እንዳይላት የእናቲቱን ይበልጥ ተጠንቅቃ አለሰለሰችው። ሩብ ሰዓት ፈጀ። ሲያልቅ የምስራችን ከወንበሩ አስነሥታ ወደ መስኮቱ አዞረቻት።

ፀሐይዋ በሙሉ ፊቷ ላይ አረፈች።

በቀኝ በኩል የምስራች ነበረች፤ ራሷ፣ ግን እንቅልፍ ጠግባ፣ የምሥራች ሰምታ የተነሳች የምትመስል። ጉንጯ ከአንገቷ፣ አንገቷ ከትከሻዋ ሳይለያይ ይወርዳል። በግራ በኩል ደግሞ ሌላ ሴት ነበረች። ቆንጆ ነበረች፤ ግን የማንም ልጅ አልነበረችም። አገጯ ሥር እንደ ክር የሚታይ መስመር ላይ ፊቷ ያልቅና የሌላ ሰው አንገት ይጀምራል።

እትዬ ፈትለወርቅ ወደ ልጃቸው ዞሩ። አንድ እርምጃ ቀረቡ። መጀመሪያ ቀኙን አዩ፣ ከዚያ ግራውን ብዙ ቆይተው አዩ። እጃቸው በራሱ ወደ ሻርፓቸው ሄደ።

"ይቺን አውቃታለሁ" አሉ ወደ ግራው ፊት እያመለከቱ፣ በቀጭን ድምፅ። "ሳሎን ግድግዳ ላይ ናት። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በሠርጌ ቀን። የሕፃናት ፓውደር ነፍተውብኝ ነበር። ጌድዮን ሦስት ዓመት ሲሆነው ፎቶውን አይቶ 'እማዬ የት አለች?' ብሎ ጠየቀኝ። ከጎኑ ቆሜ።"

የምስራች እጇን ልትዘረጋ ስትል፣ እናቷ ቀስ ብለው ሻርፑን ፈቱት።

ዱሬቲ ቀና ብላ አየች። በእትዬ ፈትለወርቅ አንገት ዙሪያ፣ በፓውደር ሥር ደብዝዞ፣ አምስት ረድፍ ሰማያዊ መስመር ይታያል። በየረድፉ መካከል ጥቃቅን መስቀሎች፣ ከመስቀሎቹ ሥር እንደ ጤፍ የረቀቁ ነጥቦች። ስህተት የለበትም፤ አንዱም ነጥብ ከረድፉ አልወጣም። ይህን ሥራ ታውቀዋለች። ይሄው ንድፍ በእናቷ አንገት ላይ አለ።

"የአኮ እጅ ነው" አለች ሳታስበው።

"የአያትሽ እጅ ነው። የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ።" እትዬ ፈትለወርቅ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። "በዚያ ጊዜ ያልተነቀሰች ልጃገረድ እንደ ራቁቷ ነበር የምትቆጠረው፤ አባቴ ራሱ ነው ያስጠራት። አድጌ ስዳር ደግሞ ዘመኑ ተለወጠ፤ የባለቤቴ ጓደኞች ከተማ ቀመሶች ናቸው፣ 'ባላገር' አሉኝ። ከዚያ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ይሄን አንገት ስሸፍን ሠላሳ ስድስት ዓመቴ። ጌድዮን 'የነቃሿ የልጅ ልጅ' ሲለኝ፣ ልጄ ሁሉን ያወቀብኝ መሰለኝ።"

"ንቀውኝ መስሎኝ ነበር" አለች ዱሬቲ።

"ፈርቼሽ ነው።" ቀና ብለው አዩዋት። "ስነቀስ እንዳልጮኽ እጄን የያዘችኝ አንዲት የእኔ እኩያ ልጅ ነበረች። የነቃሿ ልጅ። እንደዚያ ያለ ሕመም አላየሁም፤ ግን አልጮኽኩም፣ እጇን ነው የጨመቅኩት። ደማ። እሷም አልጮኸችም።"

"ጠባሳው አሁንም አለ" አለች ዱሬቲ፤ እንባዋ መጣ። "አውራ ጣቷ ሥር። ኢብሴ ትባላለች። እናቴ ናት። 'ጎሬ ውስጥ አንዲት ልጅ ነበረች፣ እንደ እሷ ጎበዝ አላየሁም' ትላለች ሁልጊዜ።"

"ጎበዝ ትለኛለች?" አሉ እትዬ ፈትለወርቅ። "ሁሩሙ ገበያ ላይ አንድ ቀን አወቀችኝ። ከኩሏ ፊት ተነሥታ በስሜ ጠራችኝ። ሰው እንዳያየኝ ዞሬ ሄድኩ። እሷ ጎበዝ ትለኛለች!"

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የተሰማው የሦስት ሴቶች ልቅሶ ብቻ ነበር። ከሦስቱ የአንዷ ፊት ግማሽ በግማሽ ስለ ነበር፣ መጀመሪያ የሳቁትም እሷን አይተው ነው።

"በቃ፣ በቃ፣ ይቺን ልጅ ጨርሽልኝ" አሉ እትዬ ፈትለወርቅ ዓይናቸውን እየጠረጉ። "በሰባት።" ያመጡትን ጣሳ ክዳኑን ገጥመው ወደ ጠረጴዛው ጥግ ገፉት። ከዚያ አገጫቸውን ወደ መስኮቱ አቀኑ። "እኔስ? ስንት ነኝ?"

ዱሬቲ በእርጥብ ጨርቅ ነጩን ፓውደር ከፊታቸው፣ ከአንገታቸውም አነሣች። ካርቶኑን አስጠጋች። "ዘጠኝ።"

"ሌላ ዘጠኝ ታውቂያለሽ?"

"አንድ። ሃርሜ።"

እትዬ ፈትለወርቅ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ፊታቸው ላይ የነበረው ነገር ስም ቢፈለግለት ኩራት ነበር፤ ለሠላሳ ስድስት ዓመት ቦታ ያጣ ኩራት።

* * *

ቁጥር ዘጠኝን ለመቀላቀል የመሞከሪያ ወረቀት ያስፈልግ ነበር። ዱሬቲ ቦርሳዋን ስትዳብስ ያገኘችው አንድ የታጠፈ ወረቀት ብቻ ነው። ለአንዲት ቅጽበት ያዝ አደረገችው። ከዚያ በጀርባው ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችና ሦስት ጊዜ ቀባችበት፤ ሦስተኛው ልክ ሆነ። ዱቄቱን የለወሰችበት ዘይት ወደ ውስጥ ገብቶ አራቱን መስመር አደበዘዘው።

ሦስት ሰዓት ላይ ሙሽራዋ ስትወጣ ዱሬቲ ብሩሾቿን ሰብስባ ወደ ጓሮው በር አመራች። እትዬ ፈትለወርቅ ክንዷን ያዟት።

"ወዴት ነው?"

"ሥራዬን ጨርሻለሁ እኮ።"

"በዚህ በር የሚገባው ፀሐይና እህል ነው። አንቺ በዋናው ነው የምትወጪው፤ ከእኔ ጋር።"

ዳሱ በሰው ሞልቷል። ሙሽራዋ ስትታይ አንዲት ሴት "ውይ፣ የምስራች! ራሷን መስላ!" ብላ እልል አለች፤ ከዚያ ዳሱ ሁሉ። ከሙሽራዋ ኋላ፣ አንገታቸውን ገልጠው፣ እትዬ ፈትለወርቅ ሲመጡ ግን እልልታው ተቆረጠ። የእናቲቱ ወንድም፣ እንደ አባታቸው መዝገብ ቤት የሠሩት ጋሼ አምባዬ፣ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

"ፈትለ፣ አንገትሽ ምን ነካው? ይቺስ ማናት? ቀቢዋ ናት?"

ጌድዮን ከሚዜዎቹ መካከል ወጣ። ሱፉን ለብሷል፤ ጥፍሮቹ ግን አሁንም ነጭ ናቸው። ዱሬቲ አጠገብ መጥቶ ቆመ፤ ያላሰበበትን ነገር የሚናገር ሰው አይመስልም ነበር።

"ጋሼ አምባዬ፣ ዱሬቲ ትባላለች። የማገባት እሷን ነው። ሥራዋም አዎ፣ ይሄው ነው፤ ሙሽራዋን ይመልከቱ።"

"የማን ልጅ?"

ጌድዮን አፉን ከመክፈቱ በፊት ዱሬቲ ራሷ መለሰች። "የሁሩሙዋ የኢብሴ ልጅ ነኝ፣ ጋሼ። የነቃሿ የልጅ ልጅ።" ድምፁ የእሷ መሆኑን ለማወቅ ትንሽ ጊዜ ወሰደባት፤ ያን ያህል ጽኑ ነበር።

"የነቃሽ?" አሉ ጋሼ አምባዬ።

"አዎ፣ የነቃሽ" አሉ እትዬ ፈትለወርቅ፣ አገጫቸውን ቀና አድርገው። "ይኸውልህ አያቷ የፈረመችበት። አርባ አምስት ዓመት ሆነው፤ አንዷ ነጥብ አልጠፋችም። አንተ መዝገብ ቤት የጻፍከው ወረቀት ይሄን ያህል ቆይቷል?"

ሳቁ ከአንዱ የዳሱ ጫፍ ተነሥቶ እስከ ሌላው ደረሰ። ጋሼ አምባዬም ሳቁ፤ ከዚያ ለሁለት ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁ።

ጌድዮን በሳቁ መሐል ጎንበስ ብሎ "ጠዋት ለምን አላየሽኝም?" አላት።

እሷ የቀባችበትን ወረቀት አውጥታ ሰጠችው። ገልብጦ አየው፤ ከደበዘዘው ጽሑፍ አንድ ቃል ብቻ ይነበባል፤ "ጌድዮን" የሚለው።

"ምን ይላል?"

"የእናትህ ቀለም ነው" አለች። "ሌላው አሁን አያስፈልግም።"

እሱ አጥፎ ደረት ኪሱ ውስጥ ከተተው። ዱሬቲ ዙሪያዋን አየች፤ ይህን ሁሉ ፊት፣ ከሦስት እስከ አሥራ አንድ። በሕይወቷ የዚያን ቀን ያህል ሰው በአንድ ጊዜ አይቷት አያውቅም፤ እሷም መደበቅ አላሰኛትም።

* * *

በሳምንቱ ቅዳሜ እትዬ ፈትለወርቅ ሻርፕ ሳያደርጉ ሁሩሙ ገበያ ወረዱ። ኢብሴና እሳቸው ምን እንደተባባሉ ሁለቱም ለማንም አልተናገሩም። ከሰዓት በኋላ ግን በአንድ መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ኩል ሲሸጡ ብዙ ሰው አይቷቸዋል።

የዱሬቲ ደብተር እስከ ግንቦት 2006 መጨረሻ ያለውን ይዟል። ከጥር 18 ጀምሮ በመቱ፣ በጎሬና በሁሩሙ ሠላሳ አራት ሙሽሮች ሠርታለች። አምስቱ መቅላት ፈልገው ቀልተዋል፤ ሃያ ዘጠኙ በገዛ ቀለማቸው ወጥተዋል። የሠላሳ አራተኛዋ ሙሽራ መስመር ከሌሎቹ የሚለየው በእጅ ጽሑፉ ብቻ ነው፤ የጻፈው ጌድዮን ነው። "ዱሬቲ። ቁጥር ስምንት። የምሥራቅ መስኮት፣ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል። ከአንገቷ ጋር ያለው ልዩነት፦ የለም።"